ሜትርና ቀይ ቀለም

ማዘጋጃው ላከኝ፣ ሜትር፣ ቀለም ይዤ፣
አሮጌ ቤት ልቆጥር ሸዋበር ወርጄ።
ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
የደሴ ጭቃ እንደሁ ጫማ ይበደራል፤
ወስዶ አይመልስም።

ቅጹ ዐሥራ አንድ ዓምድ አለው፦ ግድግዳው ከምን፣
ጣራው ስንት ዘመን፣
ይፍረስ ወይስ ይቆይ፣ ባለቤቱስ ማን።
ስለ ሽታ አይጠይቅም፤ ስለ ድምፅም ዝም።
"በሩን ስንት እጅ ከፈተው?" የሚል ዓምድ የለውም።

አብሮኝ የሚዞረው ጋሽ ይመር መንበሩ፣
ሠላሳ ሦስት ዓመት ቧንቧ ሲጠግን ነው መኖሩ።
ካርታ ገልጦ አያውቅም፤
መሬቱን ረግጦ፣ ቆም ብሎ፣ "እዚህ ጋ" ካለ ግን አይሳሳትም።
"ደሴን እኔ ከላይ ሳይሆን ከሥሯ ነው 'ማውቃት" ይላል፤
በከዘራው ጫፍ አስፋልቱን ይኮረኩራል።

"እዚህ ጋ፣ ዓለሜ፣ ጣሊያን የቀበረው የብረት ቱቦ አለ፤
ክንድ ዝቅ ስትል የሸክላ ቦይ አለ፤
ከሱም ሥር ምንጩ፣ ስም ያልወጣለት፣ ያልተከለለ።
ሦስቱም ይፈስሳሉ አንዱ አንዱን ሳይገፋ፤
ካርታችሁ ላይ ግን አንድ መስመር ነው፤ ሌላው የት ጠፋ?"

የመጀመሪያው ቤት ባለ ፎቅ፣ የእንጨት ሰገነት፣
አንድ የየመን ዓረብ ጨርቅ የሸጠበት።
መዝጊያው ላይ በቢላ የተጫረ ሒሳብ፦
"ሦስት ክንድ አቡጀዲ፣ እታለም ዘነብ፣
ቀሪ አንድ ብር ተኩል፤ ለመስቀል ቃል ገብታ።"
ጋሽ ይመር ከት አለ፦ "አክስቴ ናት እኮ!
ወላሂ፣ ሳትከፍል ነው የሄደችው ሞታ!"
ኪሱን ዳበሰና ሁለት ድፍን ብር አውጥቶ፣
ከመዝጊያው ሥር ካለው ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ፣
"መልሱን ለልጅ ያርጉት" አለ ለጨለማው።
ይህን በየትኛው ዓምድ ላይ ልጻፈው?

ሁለተኛው ቤት በር ሳላንኳኳ ነው የተከፈተው።
"ስም?" አልኩ።
"ተዋበች ሁሴን ወልደትንሣኤ።"
ቀና ብዬ አየኋት። "ምነው፣ ቅጽህ ጠበበው?"

ግድግዳዋን ፋቅሁት በጥፍሬ ጥቂት፤
ሰማያዊ ወጣ፤ ከሥሩ ቢጫ፤ ከሥሩ ደግሞ አመድማ፣ ጭድ ያለበት።
"ሰማያዊው የሠርጌ ነው፤ ቢጫው አባቴ ከመካ ሲመለስ።
አመድማው የሰባ ሰባት፤ ያኔ ቀለም ማን ያስታውስ፣
በእበት ነው የለሰንነው።
ሰው ከራያ፣ ከአምባሰል፣ ከየጁ ይመጣል፣
ከዚች በረንዳ ላይ ያድራል፤
ጧት ይቆጠራል።
እናቴ ነበረች ቆጣሪዋ፤ እንዳንተው።
ሜትር ግን አልያዘችም፤
ቀይ ቀለምም የላትም፤
በከሰል ነው።"

አልጋውን ገፋችው።
ከአልጋው ኋላ ጥቁር መስመር፣ በአምስት በአምስት ታስሮ፣
ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ደረት ተደርድሮ።
መቁጠር ጀመርኩ።
ስልሳ ላይ ተውኩ።
ጋሽ ይመር ባርኔጣውን አወለቀ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ብቻውን ደበደበ።

ብሩሼን ነክሬ ቆምኩ፤ ቀዩ ይንጠባጠባል፤
ቁጥሯ አርባ ሰባት ነው፤ የት ላይ ይጻፋል?
"ጻፍ እንጂ!" አለችኝ፤ "ምን ያስፈራሃል?
አንተም አንድ ቀለም ነህ፤ ነገ የሚፍቅህ ይመጣል።"

"ይፍረስ" ወይስ "ይቆይ" የሚለውን ባዶ ተውኩት።
አለቃዬ ይቆጣል፤ ይቆጣ፤ ለምጄዋለሁት።

ሲመሽ፣ ወደ ሆጤ መውጫ፣ ጋሽ ይመር ድንገት ቆመ፤
ከዘራውን ተክሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አዳመጠ።
"ይሰማሃል?"
መኪና ሰማሁ። የሰው ጫጫታ። የራሴን ሳል።
"ምንም" አልኩት።
ከጭቃው ጋር የሚታገል እግሬን አይቶ፣
"አብሽር" አለ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፤
"ነገ ጫማህን አውልቀህ ና።"